2700 ጊጋ አለ ያለኝ ሲስተም 900 ላይ ቆመ

በዚህ ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ሶስቱ በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው፣ ኔትወርክ ላይ ያለ ዲስክ ስንት ነፃ ቦታ ቀረው? ትእዛዞቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው የጻፍኳቸው፣ ኪቦርዱ ላይ ያው በላቲኑ ፊደል ነው የምትመቷቸው፣ "ዳሽ" ያልኩት ያቺን አጭር ሰረዝ ነው። ኤንኤፍኤስ የምንለው የአንድ ማሽን ፎልደር በኔትወርክ ሌላ ማሽን ላይ እንዲከፈት የሚያደርገውን ዘዴ ነው፣ ማውንት ማለት ደሞ ያንን ፎልደር ራሳችን ማሽን ላይ ካለ ፎልደር ጋር ማያያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ። ከዚራ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮና ፎቶ የምንሰራበት ስቱዲዮ አለን፣ አምስት ልጆች ነን። አንድ ሊኑክስ ሰርቨር አለ፣ ውስጡ ባለ 4 ቴራ ዲስክ፣ ከሱ ላይ "ሰርግ"፣ "ፎቶ" እና "ባክአፕ" የሚባሉ ሶስት ፎልደሮች በኤንኤፍኤስ ለኤዲቲንግ ማሽኖቹ ተከፍተዋል። እኔ ፕሮግራመር ምናምን አይደለሁም ግን እያየሁ እያየሁ ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ በየጠዋቱ የሶስቱንም ነፃ ቦታ ደምሮ ቴሌግራም ላይ ይልክልኛል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት 2700 ጊጋ አለ አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ የሁለት ወር ሰርጎችን ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወደዛ መገልበጥ ጀመርኩ፣ 1200 ጊጋ አካባቢ ነው፣ ማታ ስመለስ 900 አካባቢ ላይ ቆሞ "ዲስኩ ላይ ቦታ የለም" ይላል። አለቃዬ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ አዲስ ይገዛ እያለ ነው። ሌላው ደሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንዴ ቁጥሩ በአንዴ ይወርዳል፣ አንድ ቀን 114 ብሎኛል፣ አንዳንዴ ደሞ ጭራሽ መልእክቱ አይመጣም። ምንድነው ጉዱ? ስክሪንሾት አያይዣለሁ፣ ጠዋት ግልበጣውን ሳልጀምር ያነሳሁት ነው። (ከከዚራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲስክ ለመግዛት አትሩጡ፣ ለአለቃህ ዲስኩ ምንም አልሆነም በለው። የተበላሸው ድምሩ ነው።

ሐረር ጁገል አምስት ጥንታዊ በር አለው አይደል? በያንዳንዱ በር ቆመህ እዛ ያገኘኸውን ሰው "ከግንቡ ውስጥ ስንት ቤት አለ?" ብትለው አምስቱም ጋ አንድ ቁጥር ነው የሚነግሩህ፣ የጠየቅከው ስለ በሩ ሳይሆን ስለ ከተማው ነዋ። አንተ አምስቱን መልስ ደምረህ አምስት እጥፍ የሆነ ሐረር ይዘህ ወደ ድሬ ተመለስክ። ስክሪፕትህ በየጠዋቱ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽንህ ላይ ዲኤፍ (የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ትእዛዝ) ስትል፣ ቦታው የኤንኤፍኤስ ከሆነ ማሽንህ ራሱ ምንም አይቆጥርም፣ ጥያቄውን በኬብሉ ለሰርቨሩ ይልካል። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ቨርዥን 3 ላይ ይሄ ጥያቄ ኤፍኤስስታት ይባላል። ሰርቨሩ ሲመልስ "ሰርግ" የሚለው ፎልደር ውስጥ ይሄን ያህል ቀረ አይልም፣ ፎልደር የራሱ ነፃ ቦታ የለውማ፣ ፎልደሩ የተቀመጠበት ፋይል ሲስተም (ዲስኩ ላይ ፋይሎቹ የሚደራጁበት ስርአት) ጠቅላላ ይሄን ያህል ነው፣ ነፃው ይሄን ያህል ነው፣ ከነፃው ደሞ ላንተ የሚደርስህ ይሄን ያህል ነው ብሎ ሶስት ቁጥር በባይት ይልክልሃል (ስለ ፋይል ብዛት ሌላ ሶስት አሉ፣ እነሱን ለጊዜው ተዋቸው)። ስክሪንሾትህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሶስቱም መስመር ጠቅላላ 3667፣ የተያዘ 2580፣ ነፃ 900። ሶስት የተለያዩ ፎልደሮች እስከ መጨረሻዋ ዲጂት እንዲህ የሚገጥሙት አንድ ዲስክ ላይ ሲሆኑ ነው። 900 በ3 ሲባዛ 2700፣ በቃ።

ስለዚህ ስክሪፕቱ ውስጥ ከየዲስኩ አንድ ማውንት ብቻ አስገባ። የትኛው ፎልደር የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ካልታወቀህ ሰርቨሩ ላይ ራሱ ግባና ዲኤፍ ብለህ የፎልደሩን መንገድ ስጠው፣ ሁለት ፎልደር አንድ ዲስክ ካወጡልህ አንድ ናቸው። ነገ ሁለተኛ ዲስክ ስትጨምሩ ደሞ መደመሩን እርሳው፣ ሁለት ዲስክ ላይ 200 200 ቀርቶህ "400 አለኝ" ብትል የ300 ጊጋ ፋይልህ የትኛውም ላይ አይገባም። ለየብቻ ተጽፎ ይምጣልህ።

ስክሪንሾቱ ላይ ሌላ ነገር አየሁ፣ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። 2580 እና 900 ስትደምር 3480 ነው እንጂ 3667 አይሆንም። 187 ጊጋ የት ገባ? አልጠፋም። ፋይል ሲስተሙ ኤክስት4 (ሊኑክስ ላይ የተለመደው አይነት) ከሆነ፣ ቁጥሩ ደሞ እሱን ነው የሚመስለው፣ ሲፎርማት ማንም ካልነካው ከመቶ አምስቱን ለሩት (ለሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ብቻ ብሎ ያስቀምጣል፣ ዲስኩ ሲሞላ ሲስተሙ ጭራሽ እንዳይታነቅ ለመጠባበቂያ ማለት ነው። ቅድም ሰርቨሩ "ነፃው" እና "ላንተ የሚደርስህ" ብሎ ለይቶ የሚልከው ለዚህ ነው፣ ዲኤፍ የሚያሳይህ ሁለተኛውን ነው። መቶኛውንም የሚያሰላው በሱ ነው፣ 2580ን ለ3667 ስታካፍል 70 ይመጣል፣ ዲኤፍ ግን 75 ይልሃል፣ እሱ የሚያካፍለው ለ3480 ነው፣ ፍርፋሪ ካለ ደሞ ወደ ላይ ያጠጋጋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ዲኤፍ ይዋሻል የሚለው፣ አይዋሽም። የሰርግ ቪዲዮ ብቻ የሚቀመጥበት ዲስክ ላይ አምስት በመቶ መጠባበቂያ ትንሽ በዛ፣ ሰርቨሩ ላይ ቲዩን2ኤፍኤስ ዳሽ ኤም 1 ብትለው ወደ አንድ በመቶ ይወርዳል፣ ወደ 149 ጊጋ ታገኛለህ። ሲስተሙ ራሱ የተጫነበት ዲስክ ላይ ግን እንዳትነካካው። እና አለቃህ 4 ቴራ ገዝተን እንዴት 3667 ሆነ ካለ፣ ሻጩ በ1000 እየቆጠረ ነው የሸጠላችሁ፣ ዲኤፍ በ1024 ነው የሚቆጥረው፣ 4 ቴራው 3725 ይሆናል፣ ቀሪዋን ፋይል ሲስተሙ ለራሱ መዝገብ ይይዛታል።

አሁን ወደ 114ቱ። ለ3 አካፍለው፣ 38። የኤዲቲንግ ማሽንህ የራሱ ውስጣዊ ዲስክ ላይ የቀረው ቦታ 38 ጊጋ አካባቢ ካልሆነ ቡና ልጋብዝህ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ከሰርቨሩ ቀድሞ ይነሳል፣ ሰርቨሩን ሲፈልግ ያጣዋል፣ ማውንቱ ሳይሰራ ይቀራል። ፎልደሩ ግን አለ፣ ባዶ ፎልደር ሆኖ ማሽኑ ላይ ተቀምጧል። ዲኤፍን "ይሄ ፎልደር ያለበት ዲስክ ስንት ቀረው?" ስትለው በትህትና የማሽኑን ዲስክ ይነግርሃል፣ ስህተት ምናምን የለም፣ ቀይ ጽሁፍ የለም። ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም እኔንም አንድ ጊዜ ጉድ ሰርቶኛል።

ከአመታት በፊት ነው፣ እዚሁ ድሬ አንድ ቢሮ የሌሊት ባክአፕ አዘጋጅቼላቸው ነበር፣ በየሌሊቱ መጀመሪያ ቦታ አለ ወይ ብሎ ያያል፣ ካለ ይገለብጣል። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ መጣ፣ ማውንቱ ቀረ፣ ስክሪፕቴ ፎልደሩን ጠየቀ፣ 60 ጊጋ አለ ተባለ፣ ገለበጠ። በነጋታውም እንደዛው። በሶስተኛው ቀን ጠዋት ተደወለልኝ፣ ማሽኑ አያስገባም፣ የራሱ ዲስክ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሄጄ መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰለህ፣ ማውንቱን አስተካከልኩ፣ እና የጻፍነው ፋይል በሙሉ ከአይኔ ጠፋ! ዲስኩ አሁንም ሙሉ ነው፣ ፎልደር በፎልደር ብቆጥር ግን የሞላውን ነገር አላገኘውም። ያ የድሬ የቀትር ሙቀት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቬንቲሌተሩ ትኩስ አየር እያማሰለ፣ ሁለት ሰአት ሙሉ ፈለግኩት። ፋይሎቹ ከማውንቱ ስር ነበሩ፣ ምንጣፍ ስር እንደገባ ገንዘብ። አንማውንት ሳደርገው ሁሉም እዛው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

ከዛ ወዲህ ምንም ቁጥር ከማመኔ በፊት ዲኤፍ የሚያወጣውን የመጀመሪያውን አምድ ነው የማየው። የሰርቨሩ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ መንገድ ካለ ኤንኤፍኤስ ነው። ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስዲኤ ምናምን ካለ የራስህ ዲስክ ነው፣ ቁጥሩን ጣለው። ስክሪፕት ውስጥ ደሞ ማውንትፖይንት ዳሽ ኪው የሚባል ትንሽ ትእዛዝ አለ፣ ፎልደሩ በእርግጥ ማውንት የተደረገበት መሆኑን ያረጋግጥልሃል፣ ካልሆነ ስክሪፕቱ ቁጥር አይላክ፣ "ማውንቱ የለም" ብሎ ይላክ። ተጨማሪ መድሀኒት ከፈለግክ ማውንቱን አውርደህ ባዶውን ፎልደር ቻትር ፕላስ አይ በለው፣ ማሽኑ ላይ ያለው ፋይል ሲስተም ኤክስት4 ከሆነ ከዛ በኋላ ባዶው ፎልደር ውስጥ ሩትም ቢሆን መጻፍ አይችልም፣ ማውንቱ ሲመጣ ደሞ እንደ ወትሮው ይሰራል።

መልእክቱ ጭራሽ የማይመጣበት ቀን ሌላ ነው። ያኔ ማውንቱ አለ፣ ሰርቨሩ ነው የሌለው። ኤንኤፍኤስ ካልነገርከው በቀር "ሃርድ" ነው፣ ሰርቨሩ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ እስከ ነገም ቢሆን፣ ዲኤፍም አብሮ ቁጭ ይላል፣ ስክሪፕትህም ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ሰዎች ሶፍት አድርገው ይሉሃል፣ እኔ አልልህም፣ ሶፍት ማለት ሰርቨሩ ትንሽ ሲዘገይ ጽህፈቱን መሀል ላይ ትቶ ይሄዳል ማለት ነው፣ ለቁጥር ብለህ የሰው ሰርግ ቪዲዮ ታበላሻለህ። ይልቅ ታይምአውት 5 ዲኤፍ በለው፣ በአምስት ሰከንድ ካልመለሰ ይቋረጣል፣ የቆየ ከርነል (የሊኑክሱ እምብርት) ካልሆነ በቀር የተንጠለጠለው ነገር በኪል ዳሽ 9 ይሞታል (ከ2.6.25 ወዲህ እንደዛ ነው)፣ ታይምአውትንም ዳሽ ኤስ ኪል ብለህ ከጀመርከው በዚያው ነው የሚገድለው። እና ሲቋረጥ ዜሮ ብለህ እንዳትልክ፣ የትናንቱንም ቁጥር እንዳትደግም። "ሰርቨሩ አልመለሰም" ነው የሚባለው። ዜሮ ማለት ሞላ ማለት ነው፣ አለቃህ ዜሮ ካየ ያን ቀኑን ዲስክ ገዝቶ ይመጣል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ድሬ ልጅ ነህ፣ ደቻቱን ታውቀዋለህ። እዚህ ጠብታ ሳይጥል፣ አሸዋው ላይ ሰው እየተራመደ፣ ከላይ ከደጋው ዘንቦ በአንዴ ይመጣል። የጠዋቱ 900 የጠዋት ነው። አምስታችሁም ትጽፉበታላችሁ፣ አንተ 800 ጊጋ ልገልብጥ ብለህ ስትጀምር ጓደኛህ ሌላ ክፍል ሆኖ 300 ኤክስፖርት እያደረገ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ግልበጣ ሲኖር ተነጋገሩ፣ ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ የለም።

ጥያቄ፦ ሐረር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ለፕሮጀክት በሲ የዲስክ ቦታ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ላፕቶፔ ላይ ትክክል ነው፣ ከዲኤፍ ጋር ይገጥማል። የላቡን ኤንኤፍኤስ ስጠይቀው ግን ዲኤፍ 512 ጊጋ እያለ የኔው 2 ጊጋ ይላል። ኮዱን አስር ጊዜ አየሁት። ነፃ ብሎኮችን በ4096 ነው የማባዛው። (ከሐረር)

መልስ፦ አስር ጊዜ አይተህ መልሱን ራስህ የጻፍከው መጨረሻ ላይ ነው። 4096ን ማን ነገረህ? ላፕቶፕህ ላይ የብሎክ (የዲስክ ቦታ የሚቆጠርበት ቁራሽ) መጠን 4096 ባይት ስለሆነ ገጠመልህ። ሊኑክስ ላይ ኤንኤፍኤስ ሲሆን ብዙ ጊዜ 1048576 ነው፣ ማለትም አንድ ሜጋ፣ ይሄ የዲስኩ ብሎክ ሳይሆን በኔትወርኩ ላይ በአንዴ ከሚላከው መጠን የሚመጣ ነው። 1048576ን ለ4096 አካፍል፣ 256። 512ን ለ256 አካፍል፣ 2። ስታት ዳሽ ኤፍ ብለህ ማውንቱን ብትሰጠው የብሎኩን መጠን በአይንህ ታየዋለህ።

ስታትቪኤፍኤስ (የዲስክ ቦታ የሚጠይቀው የሲ ፈንክሽን) የሚመልስልህ ስትራክቸር ውስጥ ሁለት መጠን አለ፣ ቢሳይዝ እና ኤፍአርሳይዝ። የብሎክ ቁጥሮቹ የሚባዙት በኤፍአርሳይዝ ነው። ሊኑክስ ላይ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እኩል ስለሆኑ ቢሳይዝን የተጠቀመ ሰው ሳይነቃበት ይኖራል፣ ከዛ የጓደኛው ማክ ላይ ያስኬደዋል፣ እዛ ቢሳይዙ አንድ ሜጋ ኤፍአርሳይዙ 4096 ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ካንተ በተቃራኒው 256 እጥፍ በዝቶ ይወጣለታል። ያ ደግሞ ከማነሱ ይብሳል፣ ሲያንስ ሰው ይደነግጣል፣ ሲበዛ ግን ይደሰታል።

ሌላ ሁለት ነገር። ከማባዛትህ በፊት ሁለቱንም 64 ቢት አድርጋቸው፣ ያንተን 512 ጊጋ በ32 ቢት ብታባዛው ውጤቱ ዜሮ ነው፣ የ4 ጊጋ ብዜት የሆነ ሁሉ በ32 ቢት ዜሮ ይሆናል። እና ቢፍሪን ሳይሆን ቢአቬይልን ነው ለተጠቃሚ የምታሳየው፣ ልዩነቱን ከላይ ለከዚራው ልጅ ነግሬዋለሁ፣ ቢፍሪ የሩትንም ድርሻ ይጨምራል።

ፕሮግራምህ ፋይል የሚጽፍም ከሆነ "ቦታ አለ" ብሎ አይቶ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። ኤንኤፍኤስ ላይ ራይት ብለህ "እሺ" ሊልህ ይችላል፣ ዳታው ገና ያንተው ማሽን ሜሞሪ ውስጥ ነው፣ ለሰርቨሩ የሚላከው በኋላ ነው፣ "ቦታ የለም" የሚለው ስህተት የሚመጣው ክሎዝ ወይም ኤፍሲንክ ስትል ሊሆን ይችላል። የክሎዝን መልስ የሚያይ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ አንተ የመጀመሪያው ሁን። በዚሁ ምክንያት ገና ጽፈህ ስትጨርስ ወዲያው ዲኤፍ ብትል ነፃው ቦታ ያልቀነሰ ሊመስልህ ይችላል፣ ሲንክ ብለህ ድጋሚ እየው።

ጥያቄ፦ እንደምን አለህ ወንድማችን፣ ሳቢያን አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የአይቲ ስራ እሰራለሁ። ሰርቨሩ ሲሞላብኝ የድሮ የትምህርት ቪዲዮዎችን 200 ጊጋ የሚሆን ከላብ ማሽን ሆኜ አጠፋሁ፣ ዲኤፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጌ ሁሉ አየሁት፣ ያው ነው። (ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያጠፋሽው በማውስ ነው ወይስ በትእዛዝ? በፋይል ማኔጀሩ ዴሊት ብለሽው ከሆነ እዛው ማውንቱ ላይ ዶት ትራሽ ዳሽ 1000 የሚባል (ወይም መጨረሻው ላይ ሌላ ቁጥር ያለው) የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው የገባው፣ ከነሙሉ 200 ጊጋው። ኤልኤስ ዳሽ ኤ ብለሽ ፈልጊው። እኔ ከማያቸው አስር ጉዳዮች ስምንቱ ይሄው ነው ብል አላጋነንኩም።

በትእዛዝ ካጠፋሽው ደሞ እዛው ፎልደር ውስጥ ዶት ኤንኤፍኤስ ብለው የሚጀምሩ ረጃጅም ስም ያላቸው ፋይሎች ካሉ እያቸው። አንድ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ እያለ እዛው ማሽን ላይ ስታጠፊው ማሽኑ በእርግጥ አያጠፋውም፣ ስሙን ቀይሮ ይደብቀዋል፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ነው የሚጠፋው። ቪዲዮ ማጫወቻ ተከፍቶ የቀረ ላብ ውስጥ መቼም አይጠፋም። እሱን ደጋግመሽ ብታጠፊው ሌላ ዶት ኤንኤፍኤስ እየተፈጠረ ነው የሚያደክምሽ፣ ስለዚህ ኤልኤስኦኤፍ ብለሽ የያዘውን ፕሮግራም ፈልገሽ ዝጊው፣ ያው ያጠፋሽበት ማሽን ላይ ነው የምትፈልጊው፣ ሰርቨሩ ላይ አይደለም። ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግሽ ለዚህ ነው ያልረዳሽ።

ሁለቱም ካልሆነ እና ሰርቨሩ የተገዛ ናስ (ኔትወርክ ላይ የሚሰካ ዝግጁ የዲስክ) ሳጥን ከሆነ ስናፕሾት (ፋይሎቹ በአንድ ሰአት የነበሩበትን ሁኔታ) ያስቀምጣል ወይ ብለሽ ሴቲንጉን እዪ፣ ስናፕሾት ካለ ያጠፋሽው ፋይል የድሮው ስናፕሾት እስኪወገድ ድረስ ቦታውን ይዞ ይቆያል።